የአለቃ ባርሎው ሳል

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

አለቃ ባርሎውን ሊገድሉት ነው።

የድራማችን የስድስተኛው ክፍል ስክሪፕት ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። እንደ ልማዴ የራሴን ንግግር እያነበብኩ የሌላውን እየዘለልኩ ስሄድ፣ መሀል ላይ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «ባርሎው ስልኩን ያነሳል። ይስላል። ‹እየመጣን ነው› ይላል።»

ይስላል! በቴሌቪዥን ማንም ሰው በከንቱ አይስልም። በቴሌቪዥን ሰው ሽንት ቤት አይሄድም፣ መኪና ማቆሚያ አጥቶ አይዞርም፣ ስልክ ሲዘጋ «ደህና ዋል» አይልም። ጉንፋንም አይዘውም። ከሳለ ግን አለቀለት። በዚህ ሥራ ስኖር ስሎ የተረፈ አንድም ሰው አላየሁም። ከሳል ቀጥሎ የሚያስፈራኝ የሚስቱን ፎቶ ከኪሱ አውጥቶ የሚያይ ወታደር ነው። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ «ጡረታ ስወጣ ጀልባ እገዛለሁ» የሚል ፖሊስ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባርሎውን ሆኜ የወደቡን የእሳት አደጋ ጣቢያ መርቻለሁ። ሱፐርማርኬት ስገባ ሮስኮ ቫንዲቨር ብሎ የሚጠራኝ የለም፤ ሁሉም «አለቃ!» ነው የሚለኝ። አምና በርባንክ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ድመቷን ከዛፍ ላይ እንዳወርድላት ለምናኝ አውርጃለሁ። ድመቷ ቧጭራኛለች። ባርሎው ከሞተ እኔ ማን ነኝ? ሁለት ጊዜ ትዳሩ የፈረሰ፣ ጉልበቱን የሚያመው የኦክላሆማ ሽማግሌ። ከዚህ በኋላ የሚሰጡኝ ሚና በመጀመሪያው ትዕይንት ሞቶ ቤተሰብ በውርስ የሚያጣላ አያት ነው።

ይህን ስጽፍ እኔንም ያስለኛል። ሰሞኑን የሚለቁብን የሐሰት ጭስ ጉሮሮዬን ልጦታል።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 10

ወኪሌ ሚርና ጋ ደወልኩ። ለኔ ሥራ መፈለግና መዋሸት የእሷ ፈንታ ነው፤ ሁለተኛውን ትችልበታለች።

«የኔ ማር፣ ሰው እኮ ይስላል» አለችኝ።

«በቴሌቪዥን?»

ዝም አለች። ሚርና ዝም ካለች ነገር አለ።

«እስቲ ላጣራ» አለች በመጨረሻ። «ለመሆኑ አሁን የምትስለው አንተ ነህ እንዴ?»

መስመሩ ነው አልኳት።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 14

ልጄ ኮራ ለቁርስ መጣች። ፓሳዲና ውስጥ ለጎረምሶች ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ ስለዚህ ማንንም አትፈራም። ፓንኬክ እየጋገርኩ የባርሎውን ነገር ከሥር መሠረቱ አስረዳኋት። ሳሉ ምን ማለት እንደሆነ፣ ዋና ጸሐፊያችን ዴልፊን ሰው ከመግደሏ በፊት እንዴት ፈገግታ እንደምታበዛ፣ ሁሉንም። ስጨርስ፦

«አንተስ?» አለችኝ።

«እኔ ምን?»

«አባዬ፣ ከጁላይ ጀምሮ እየሳልክ ነው።»

«የሥራ ጭስ ነው።»

«ብሮዲም እዚያው ጭስ ውስጥ ነው የሚውለው። ይስላል?»

«ብሮዲ ወጣት ነው። ብሮዲ ሳንባ ብቻ ነው፤ ጭንቅላት አልተገጠመለትም።» ብሮዲ በድራማው የኔ ምክትል ነው። ያለ ሸሚዝ እሳት ያጠፋል።

አልሳቀችም። ለኦክቶበር 8 የሐኪም ቀጠሮ ይዛልኛለች። ሳትጠይቀኝ! «ሳይቃጠል በቅጠል ነው» አለችኝ።

ሐኪም ዘንድ እንዳንሄድ የሚያስተምረን ራሱ ሥራው መሆኑ እንዴት ይግባት? በየዓመቱ ቀረጻ ሳይጀመር የኢንሹራንሱ ሐኪም ይመረምረናል። «እንዴት ነህ?» ይላል፣ «ደህና» እንላለን፣ ይፈርማል። ከዚያ ወዲያ ታመምኩ ያለ ተዋናይ በዚህ ከተማ እንደ ወንጀለኛ ነው። ወሬው ከቀትር በፊት ስቱዲዮ ይደርሳል፤ ከቀትር በኋላ ተተኪ ይፈለጋል።

አባባሏን ግን ወደድኩት። ሳይቃጠል በቅጠል። ከነገ ጀምሮ ባርሎውን አድናለሁ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 18

ዛሬ የሳሉን ትዕይንት ቀረጽን። አልስልም ብዬ ነው የገባሁት። ያልተቀረጸ ሳል እንደሌለ ነው፤ የሌለ ሳል ደግሞ ሰው አይገድልም።

ስልኩን አነሳሁ። «እየመጣን ነው።»

«ቁም!» አለች ዳይሬክተሯ። «ሮስኮ፣ ሳሉን ረሳኸው።»

«ባርሎው የሚስል ዓይነት ሰው አይመስለኝም።»

«የሚስል ዓይነት ሰው ምን ዓይነት ነው?»

«ውስጡ የላላ።»

ደገምን። አልሳልኩም። ሰለስን፤ ጠርሙስ ውኃ ጠጥቼ ዝም አልኩ። ብሮዲ ከበሩ ሥር ቆሞ «አለቃ፣ ሳልና እንብላ፤ ርቦናል» አለኝ። ሁሉም ሳቀ።

ቀጥሎ በቀረጽነው ስልኩን አንስቼ «እየመጣን» ስል ሳሉ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ከእግሬ ጥፍር ተነስቶ ያዘኝ። ጠረጴዛው ላይ ተደፋሁ። ዓይኔ አለቀሰ። እንዲህ ሆኖ ቆየ። ቀና ስል ተጨበጨበልኝ! ዳይሬክተሯ እየሮጠች መጥታ «በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ እውነት አላየሁም» አለችኝ።

ችሎታ አይደበቅም። ባርሎውን በራሴ እጅ ገደልኩት እንጂ አሳሳሌስ አሳሳል ነበር።

ያላጨበጨቡት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ብሮዲ ነው። ሌላው የድምፅ ባለሙያችን ስቱ፤ የጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አውርዶ ያየኛል። ብሮዲስ ቅናት ነው። ስቱ ምን ነካው?

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 19

ልብስ ክፍል። ሱሪዬን እንደገና አጠበቡት። ብሮዲ በአሰልጣኝና በዶሮ ደረት የሚያገኘውን ወገብ እኔ በነጻ አገኘሁት። ምሳ ስላስጠላኝ ብቻ! ለሜካፕ ሠራተኛዋ ለሮዛልባ ሆዴን አሳየኋት።

«ምን ሆነሃል?» አለችኝ።

«ወጣትነቴ ተመለሰልኝ።»

ፊቴ ላይ ቀይ ጨመረች። ትንሽ ቆይታ ሌላ ቀይ ጨመረችበት። ሌላ ጊዜ እየዘፈነች ነው የምትቀባኝ፤ ዛሬ አልዘፈነችም።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 25

ዴልፊን ምሳ ጋበዘችኝ።

ይኸው! ከዴልፊን ጋር ምሳ የበላ ሁሉ ታሪክ ሆኗል። አንዱ ሰላጣ ጋበዘችው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ጣሪያ ወደቀበት። ሌላው ዓሣ በላ፣ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ተቃጠለ። ሦስተኛዋ ሾርባ ብቻ ነበር ያዘዘችው፤ አግብታ ኦሃዮ ሄደች ተባለ። ከሦስቱ የከፋው የኦሃዮው ነው፤ የቀብር ትዕይንት እንኳ የለውም።

«ጥርሴን እየታከምኩ ነው» አልኳት።

«ሾርባ እንጠጣለን።»

ሾርባ! ቀልቤ ተገፈፈ።

«ሚርናን ልጠይቅ» ብዬ ሸሸሁ። ምሳ ካልበላሁ ልትነግረኝ አትችልም፤ ካልነገረችኝ ልትገድለኝ አትችልም። የዚህ ሥራ ጨዋነት ይህች ብቻ ናት፤ ሳይነግሩ አይገድሉም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 2

በአጭሩ፣ እየዶለቱብኝ ነው። ከመብራት መኪናው ጀርባ ቆሜ ትንፋሼን ሳሰባስብ (ደረጃ ወጥቼ ነበር) ስቱና ዴልፊን ሲያወሩ ሰማሁ።

ስቱ፦ «ከዚህ በላይ ልደብቀው አልችልም፣ ዴልፊን።»

እሷ፦ «አውቃለሁ። እኔም ምሳ ብዬ ለመንኩት፤ ይሸሸኛል።»

«ታዲያ ማን ይንገረው?»

«ልጅ አለችው አይደል? እሷ ታውቅ ይሆን?»

ልጄን! ስለ ባርሎው ሞት ከኔ በፊት ለኮራ ሊነግሯት! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው። የድምፅ ሠራተኛው ሳይቀር ሞቴን ያውቃል።

ዴልፊን ለሁለተኛ ጊዜ ለምሳ ጋብዛኝ ነበር፤ አክስቴ ሞተች ብያለሁ። አክስት የለኝም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

አዲስ ስክሪፕት ገባ። ባርሎው ጀልባ ገዛ።

ጀልባ!!

ሙሉውን ክፍል ወደብ ላይ ተቀምጦ ከብሮዲ ጋር ያወራል። ያለፈውን ክፍልም ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ነው የጨረሰው። ከዚያ በፊት መኪና ውስጥ። ከመሰላል ካወረዱኝ ሰነበቱ፤ እንደ አሮጌ ሶፋ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ያዞሩኛል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

ጸሐፊዎቹ ሁሉም በአንድ ላይ የሚገኙት ረቡዕ ጠዋት ነው። ስለዚህ የሐኪሙን ቀጠሮ ሰረዝኩና ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ቤግል የሚባለውን ክብ ዳቦና የተጨሰ ሳልሞን ዓሣ ተሸክሜ ክፍላቸው ገባሁ። ዴልፊን ከስቱዲዮ ሰዎች ጋር ስብሰባ ላይ ነበረች፤ ያንን ጠብቄ ነው።

ለባርሎው ሐሳብ አቀረብኩላቸው። ያግባ። ከንቲባ ለመሆን ይወዳደር። መንታ ወንድም ይኑረው፤ አንዱ ቢሞት አንዱ ይተርፋል። የመንታውን ድምፅ እንኳ አሰማኋቸው፤ ከቴክሳስ ነው።

አንዲት መነጽር ያደረገች ልጅ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ሌላው ውኃ አመጣልኝ። ቤግሉን ማንም አልነካውም። ጸሐፊ ነጻ ምግብ ሲተው በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። በጸጸት ነው እንጂ በምን ሊሆን ይችላል?

ከቀትር በኋላ ኮራ ደወለች።

«ምን አለህ ሐኪሙ?»

«ሥራ ገጠመኝ።»

«ቀረጻ አልነበረህም ዛሬ። ሚርናን ጠይቄያለሁ።»

«ስለ ባርሎው…»

«አባዬ፣ ባርሎው የለም! ባርሎው ሳንባ የለውም! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልክ ያሳደግከኝ አንተ አይደለህም? ትምህርት ቤት ላለመሄድ ሆዴን አመመኝ ስል እንኳ ሐኪም ዘንድ ነበር የምትጎትተኝ።»

ዘጋችብኝ። «ደህና ዋል» ሳትል፣ ልክ እንደ ቴሌቪዥን። ለምን እንዲህ እንደምትሆን አይገባኝም። ይገባኛል እንጂ። ነገ አስብበታለሁ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

መሰላሉን ወጣሁ።

በኔ ፋንታ የሚወጣ ሰው ተዘጋጅቶ ነበር፤ እኔ ራሴ ካልወጣሁ አልኩ። ለዴልፊን ባርሎው ገና ሰው መሆኑን ላሳያት ነበር። ሦስተኛ ፎቅ መስኮት፣ እውነተኛ እሳት፣ የሐሰት ጭስ። ወደ ላይ ስሄድ ጥሩ ነበርኩ። ጥሩ ነበርኩ ማለት ግማሹን።

ግማሹ ላይ አየር አለቀብኝ። ከበታቼ የነበረው ብሮዲ ወጥቶ ከኋላዬ አቅፎ ያዘኝ። «አለቃ፣ እኔ ላይ ተደገፍ። አንድ እግር ብቻ። አሁን ሌላውን» እያለ እንደ ሕፃን አወረደኝ። ካሜራው እየቀረጸ ነበር። አንዱም ቀልድ አልቀለደብኝም፤ ከሁሉ ያሳዘነኝ ያ ነው።

እጅጌዬ ላይ የሜካፕ ደም ነበር። ለሮዛልባ ሳሳያት «ዛሬ ደም አልቀባሁህም» አለችኝ። ረስታው ይሆናል። ሥራ ይበዛባታል።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 17

ዛሬ በሩ ሲንኳኳ ማረፊያ ክፍሌ ውስጥ ተጋድሜ ነበር። ዴልፊን ናት፤ በወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት ታኮዎች፣ ሥጋ ያለባቸው የሜክሲኮ ቂጣዎች፣ ይዛለች።

«አንተ ወደ ምሳው ካልመጣህ ምሳው መጣልህ» አለች።

ተነስቼ ቆምኩ። ለዚህ ቀን የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፤ በመታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ተለማምጄዋለሁ። ከሁሉ የወጣልኝ ግን ይህች ብቻ ናት፦

«እባክሽ አትግደዪው።»

«ማንን?»

«ባርሎውን! ማንን ይሆናል?»

ታኮዋን አስቀመጠች። «ባርሎውን ማን ይገድለዋል? ባርሎው ከሌለ ማን ያየናል፣ የብሮዲን ደረት የሚያዩት ሴቶች ብቻ?»

«ሳሉስ?»

«ሳሉ ያንተ ነው፣ ሮስኮ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጁላይ ጀምሮ ስቱ ሳሌን ከቀረጻው ድምፅ ላይ ሲያጸዳ ከርሟል። በሁለት ንግግር መሀል ሲሆን ይቆርጠዋል። በቃሉ ላይ ሲገባበት ግን የሚቆረጥ ነገር አጣ። ያን ጊዜ ዴልፊን፣ እንግዲህ ሰውየውም ይሳል ብላ ስክሪፕቱ ላይ ጻፈችው። ሊገድሉኝ ሳይሆን ሊሸፍኑልኝ ነው።

«ጀልባው?»

«ጀልባ ላይ ሰው ይቀመጣል። መቆም ሲያቅትህ አየሁ።»

«ምሳው?»

«ሐኪም ቤት ሂድ ልልህ ነበር። በሰው ፊት እንዳይሆን ብዬ። አንተ ግን በሳምንት አንድ አክስት ትቀብራለህ።»

ቁጭ አልኩ። አፈርኩ። ኀፍረቱ ሲያልፍ ፈራሁ፤ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም፣ የሌለን ሰው ከሞት ሳስጥል ከረምኩ። ያለው ሰው እጅጌው ላይ ደም ነበረበት፤ እኔም ሜካፕ ነው ብዬ አጠብኩት።

«ስቱዲዮው ካወቀ?» አልኳት።

«ለስቱዲዮው እኔ እነግራለሁ። አንተ ለልጅህ ንገር።»

እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። ታኮዬን በላሁ። የሷንም በላሁት።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 24

ሐኪም ቤት። ራጅ ላይ የታየውን ጥላ ይሉታል። ግራ ሳንባ፣ ከታች። ካንሰር የሚለውን ቃል ሐኪሙ ሦስት ጊዜ ዞሮት በአራተኛው ገባበት።

ሰውየው ድራማችንን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይከታተላል። አብረን ፎቶ እንነሳ ወይ አለኝ። የፊቴን ነው የደረቴን አልኩት።

«ትንሽ ቀደም ብለህ መጥተህ ቢሆን…» ብሎ ኮራን አይቶ አቆመ። ኮራ በመስኮት ወደ መኪና ማቆሚያው ታያለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3

ቀዶ ሕክምናው ኖቬምበር 13 ነው። ከዚያ በፊት አንድ የቀረጻ ቀን አለኝ። ዴልፊን ደውላ «ባርሎውን እንዴት እንሸኘው? አንተ ምረጥ» አለችኝ። ለሰው እንዲህ ዓይነት ምርጫ ሰጥታ አታውቅም።

ሚርናን አማከርኳት።

«የኔ ማር፣ ይሙት!» አለች። «በደንብ ይሙት። ሞት ሽልማት አለው። ድኖ መሄድ ማንን ያስለቅሳል?» ከዚያ ራሷ ማልቀስ ጀመረች፤ ሚርና! ሃያ ዓመት ሙሉ ስትዋሸኝ ዓይኗ ረጥቦ አያውቅም።

ለዴልፊን መልሼ ደወልኩ። «ሐኪም ቤት ይሂድ» አልኳት።

«እሺ። ከዚያስ?»

«በጊዜ ይሂድ። ልጁ ስትለምነው እሺ ይበል። በቃ።»

«እሱ ድራማ አይደለም ሮስኮ። ችግሩ የቱ ጋ ነው?»

«ችግር አይኑርበት።»

«ስሎ የተረፈ የለም ስትል አልነበር?»

«አንድ ሰው ይኑራ፣ ምን አለበት!»

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 11

ዛሬ ቀረጽነው። ወደቡ ላይ፣ በዚያች በፈረደባት ጀልባ። ኮራ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስዳ መጥታለች፤ ከካሜራው ጀርባ ስሜ በተጻፈበት ወንበር ላይ አስቀመጧት። በድራማው የባርሎው ልጅ የምትሆነው ማርላ ናት፤ ጎበዝ ተዋናይት፣ እንባዋን በትእዛዝ የምታመጣ።

«አባዬ፣ ሳልህ አልወደድኩትም። ነገ ሐኪም ቤት እንሂድ» አለችኝ ማርላ።

ባርሎው ባሕሩን አየ። ከዚያ እሷን አየ።

«እሺ፣ ልጄ» አለ። «እንሂድ።»

ዳይሬክተሯ አልደገመችውም። ሁሉም አጨበጨበ። ሮዛልባ የሜካፕ ብሩሿን እንደያዘች ታለቅስ ነበር። ብሮዲ ሸሚዝ ለብሶ አቀፈኝ። በዚህ ጊዜ ስቱ ጭምር አጨበጨበ።

ኮራ አላጨበጨበችም። ከወንበሯ ተነስታ ኮቴን ይዛልኝ መጣች፣ አለበሰችኝ፣ ቁልፎቹንም አንድ በአንድ ቆለፈችልኝ።

«ለእሷ በመጀመሪያው ልመና እሺ አልካት» አለችኝ።

እኔ ሳልኩ።